ሊጣል የነበረ የ75 ጋሎን ሪፍ ታንክ ተቀበልኩ፤ በ300 ዶላር ይድናል?

ዮኒ_ቨርጂኒያ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ ያረባሁት ጨው አልባ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ ዓሣዎችን ነው። ጉፒ፣ ሞሊ፣ አንድ ጊዜም ወርቃማ ዓሣ። አሁን ሳላስበው ባሕር ውስጥ ገብቻለሁ።

ማታ ማታ የማጸዳው አንድ የጥርስ ክሊኒክ አለ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ የ75 ጋሎን ሪፍ ታንክ፣ ማለትም ዓሣና ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) የሚረባበት የባሕር ውሃ ታንክ ቆሟል። ድሮ እየመጣ የሚንከባከበው ባለሙያ ነበረ። ውሉ ሲያልቅ የተካው የለም፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ሐሙስ ዕለት ኃላፊዋ «ወይ ውሰደው፣ ወይ ከቆሻሻው ጋር ይወጣል» አለችኝ። ሁለት ክላውን ፊሾች መስታወቱ ጋ መጥተው ሲያዩኝ እምቢ ማለት አቃተኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውኛል።

ያለበት ሁኔታ ይህ ነው። ውሃው ከላይ አራት ጣት ጎድሏል። ድንጋዩ ሁሉ አረንጓዴ የአልጌ ጸጉር አብቅሎ የክረምት ሜዳ መስሏል። ከአራቱ ቲ5 (ቀጭን ቱቦ) አምፖሎች የሚበሩት ሁለቱ ናቸው። ከጀርባው የተንጠለጠለው ስኪመር (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ዕቃ) ሞቷል፤ ሰምፕ (ከሥር የሚቀመጥ ተጨማሪ የማጣሪያ ታንክ) የለውም። አሸዋው ከመስታወቱ ጋር በሚገናኝበት በኩል ጥቁር መስመር ይታያል። በሕይወት ያሉት ሁለቱ ዓሣዎች፣ ሦስት ራስ ያለው የሳሳ ሃመር ኮራል፣ የተወሰኑ እንጉዳይ ኮራሎች፣ ብዙ ቡናማ የሸሚዝ ቁልፍ የሚመስሉ ነገሮች፣ እና ትንንሽ ጉንጉን እጅ ያላቸው ቡናማ አበቦች ናቸው። አበቦቹን እስከ 40 ቆጥሬ ተውኩት።

በጀቴ 300 ዶላር ነው። ባለቤቴ ካለፍክ ዓሣዎቹን ጠብሼ ነው የማበላህ ብላለች።


ጋሽ_ሰምፕ
ቅዳሜ፣ ማታ 4፡02

ዮኒ፣ እንኳን ደህና መጣህ። መጀመሪያ ኪስህን ዝጋ። ለአንድ ሳምንት ከሁለት ነገር በቀር ምንም አትግዛ፤ ሪፍራክቶሜትር (የጨዋማነት መለኪያ) እና ማሞቂያ ብቻ።

ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። አራት ጣት ከጎደለ እዚያ ውስጥ የቀረው ውሃ ከባሕር በላይ ጨዋማ ሆኗል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቶሎ ብሎ በጨው ውሃ ይሞላዋል። እንዲህ አድርጎ የተረፈችውን ዓሣ የጨረሰ ስንቱን አየሁ። የሚሞላው በንጹሕ ውሃ ነው፤ እሱም በቀን በጥቂቱ። ያቺን የምትወዛወዝ ፕላስቲክ መለኪያ እንዳትገዛ። አንዲት የአየር አረፋ ከተጣበቀባት ትዋሽሃለች። ሪፍራክቶሜትሩንም በ35 ፒፒቲ (ከሺህ 35 እጅ ጨው) መፈተሻ ፈሳሽ አስተካክለው፤ በቧንቧ ውሃ ዜሮ ማድረግ ብቻውን አይበቃም።

ማሞቂያ ያልኩህ የድሮ ማሞቂያ ስለማይታመን ነው። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ይቀርና ሌሊቱን ሾርባ ሲሠራልህ ያድራል። አንድ ባለ 300 ዋት ሳይሆን ሁለት ባለ 150 ግዛ። አንዱ ቢጣበቅ ብቻውን ታንኩን ለመቀቀል አቅም አይኖረውም። አንዱ ቢሞት ሌላው ይዞልህ ያድራል።


ቆፍጣናው
እሑድ፣ ጠዋት 2፡30

እኔ ግን ሁሉንም ድፋው ባይ ነኝ። ዓሣዎቹን ለሱቅ ስጥ፣ አሸዋውን ጣል፣ ድንጋዩን ደህና አድርገህ ቀቅለውና ከዜሮ ጀምር። የታመመ ታንክ ማስታመም አዲስ ከመጀመር ይበልጥ ያስወጣል። እኔ ዓመት ሙሉ አልጌ ስነጭ ኖሬ መጨረሻ ላይ ያው ደፋሁት።


ነርስ_መሲ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡15

ማንም ሰው የሪፍ ድንጋይ እንዳይቀቅል! እባካችሁ!

ዮኒ፣ «ቡናማ ቁልፍ» ያልካቸው ዞአንተስ ወይም ፓሊቶዋ የሚባሉ ኮራል መሰል እንስሳት ናቸው። ፓሊቶዋ ውስጥ ፓሊቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ከባሕር ፍጥረት ከሚገኙት መርዞች ሁሉ ከብርቱዎቹ አንዱ ነው። ስትቀቅለው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሳንባ ይገባል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የጡንቻ ሕመም ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሽየር ውስጥ አንድ ሰው የታንኩን ድንጋይ ሲያጸዳ ቤተሰቡም፣ ሊረዱ የመጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሆስፒታል ገብተዋል። ያውም ሳይቀቅለው ነው።

ስለዚህ የምትፍቀውን ነገር ውሃ ውስጥ እንዳለ ፋቅ። ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርግ። እጅህ ላይ ቁስል ካለ ተወው፤ ሌላ ቀን ይደርሳል። በሞቀ ውሃ፣ በእንፋሎት ወይም በግፊት ማጠቢያ እንዳትነካው። ልጆች ካሉህ ደግሞ ባልዲው አጠገብ አይድረሱ።


ቆፍጣናው
እሑድ፣ ጠዋት 3፡40

እሺ እህቴ፣ መቀቀሉን አንስቻለሁ። መድፋቱ ላይ ግን አልተነቃነቅኩም።


ዮኒ_ቨርጂኒያ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡00

መሲ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ባዶ እጄን ልከትት ነበር እኮ።

ለካሁት። ጨዋማነቱ 1.033 (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት)። ሙቀቱ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ። አልካሊኒቲ (ኮራል አጥንቱን የሚሠራበት የካርቦኔት መጠን) 5.5 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ። ከቆሻሻ የሚጠራቀመው ናይትሬት የመፈተሻ ካርዱ የመጨረሻ ቀለም ላይ ነው፤ 100 ወይም ከዚያ በላይ። አሞኒያ ዜሮ። ጋሼ፣ አሁን ምን ላድርግ?


ጋሽ_ሰምፕ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡45

አሞኒያ ዜሮ ከሆነማ ትልቁን ሀብት ይዘሃል። ድንጋዩ ላይ ያለው፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ የሚበላው ባክቴሪያ ሥራውን እየሠራ ነው። ለዚህ ነው ድፋው የሚለውን ምክር የማልወደው። አዲስ ድንጋይ ገዝተህ ያንን ባክቴሪያ እስክታሳድግ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ገንዘቡም አይበቃህም።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። የታንኩ ወለል 122 በ46 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አራት ጣት 8 ሴንቲሜትር ብንለው የጎደለው 45 ሊትር ነው። ድንጋዩና አሸዋው የያዙትን ቦታ ስንቀንስ አሁን ያለህ ውሃ 190 ሊትር ገደማ ይመስለኛል። ከ1.033 ላይ 33ን ወስደህ በ190 አባዛና ለ235 (190 ሲደመር 45) አካፍል። 26.7 ይመጣልሃል። አየህ? ጨው አልበዛም፤ ውሃ ነው የጎደለው። በቀን 7 ሊትር ንጹሕ ውሃ ጨምር፤ በሳምንት ውስጥ ታንኩ ሞልቶ ጨዋማነቱም 1.026 አካባቢ ይቀመጣል። ሳንቲም አልወጣም።

ሙቀቱን በቀን አንድ ዲግሪ እያልክ 25 አድርሰው። አልካሊኒቲውን ለጊዜው አትንካ።


ሰናይት_ሜሪላንድ
ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ዮኒ፣ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ጎረቤትህ ማለት ነው። «ንጹሕ ውሃ» ሲሉህ የቧንቧ እንዳይመስልህ። በሰሜን ቨርጂኒያ የቧንቧ ውሃ ውስጥ ክሎራሚን አለ። ክሎራሚን እንደ ክሎሪን ባልዲ ውስጥ አድሮ አይጠፋም። ፎስፌቱና መዳቡም አለ። ለአልጌው እራት ታቀርብለታለህ፤ አልጌ የሚበላ ቀንድ አውጣ ብታስገባም በመዳብ ትፈጀዋለህ።

አሮጌ አርኦ ዲአይ ማጣሪያ (የቧንቧ ውሃን ከሟሟበት ነገር የሚያጠራ) ፈልግ። ሰው ቤት ሲቀይር በርካሽ ይሸጠዋል። የማጣሪያው ቀፎ ያው ነው፤ የምትቀይረው የውስጡን ካርትሪጅ ብቻ ነው። ቲዲኤስ መለኪያ (ውሃ ውስጥ የሟሟውን የሚለካ) ዜሮ ካሳየህ በቃ። እስክታገኝ ድረስ ሱፐርማርኬት በር ላይ ካለው የውሃ መሙያ ማሽን በጀሪካን ቅዳ፤ እዚያም ቲዲኤሱን ለካ እንጂ የተጻፈውን አትመን።

«ጉንጉን እጅ ያላቸው አበቦች» አይፕቴዥያ ናቸው። አበባ አይደሉም፣ እንደ አረም የሚዛመቱ እንስሳት ናቸው። በጣትህ እንዳትጨፈልቅ፣ በቢላ እንዳትቆርጥ። ከእግሯ ትንሽ ቁራጭ ከቀረች እንደገና ትበቅላለች። አንዷን ስትገድል አምስት ትወልዳለህ። ርካሹ መድኃኒት ኖራ ነው። አዎ፣ ያው ኖራ፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። አሜሪካ ውስጥ አትክልት ለመዘፍዘፍ ተብሎ ምግብ መደብር ይሸጣል፤ ጥቂት ዶላር ነው። በትንሽ ውሃ እንደ ሊጥ አቡካው። ፓምፑን አጥፋ። በሲሪንጅ አፏ ላይ ጣል አድርግባት። በአንድ ቀን ከአምስት ስድስት በላይ አታድርግ፤ ኖራ ፒኤቹን ይሰቅለዋል። ዓይንህንም ጠብቅ፤ ያቃጥላል።

ከዚያ የተረፉትን ፔፐርሚንት ሽሪምፕ ይለቅማቸዋል። ስትገዛ ግን አስተውል። ጀርባው ጉብ ያለ፣ ቀይና ነጭ ሰረዝ ያለው ካሜል ሽሪምፕ በስህተት በዚያ ስም ይሸጣል። እሱ አረሙን ትቶ ኮራልህን ነው የሚበላው።


ኤላት_ነኝ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ከእስራኤል ሰላም። እናንተ ለጨው ትከፍላላችሁ፣ እኔ ባሕሩ በሬ ላይ ነው። ግን የቀይ ባሕር ውሃ እዚህ ጫፍ ላይ 41 ፒፒቲ ገደማ ስለሆነ ለ35 የለመደ ኮራል ላይ እንዲሁ አይደፋም። ለ100 ሊትር 17 ሊትር ንጹሕ ውሃ እጨምርበታለሁ። ሰዎች ደግሞ «ኮራሉንስ ለምን አትቆርጥም?» ይሉኛል። ኮራል ከባሕር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ የሞተ ቁራጭ እንኳ አይነሳም። እኔም የምገዛው እንደናንተ ከሰው ታንክ የተቆረጠውን ነው።


አራት_ኪሎ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡10

የውይይቱን ክር ስለጠለፍኩ ይቅርታ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይታሰባል?


ጋሽ_ሰምፕ
ሐሙስ፣ ምሽት 1፡05

ይታሰባል፤ ከባድ ነው እንጂ። ሦስት ነገር ይፈትንሃል። አንዱ መብራት ነው። ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ኦክስጅን የሚጨርሰው ግን ያው ይቀጥላል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከምንም በፊት ግዛ። ሁለተኛው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ከሚይዘው በሩብ ገደማ ያንሳል። ዓሣ አሳንስ፣ የውሃውን ገጽ አናውጥ። ሦስተኛው ወረቀት ነው። ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ስላሉ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም። በሻንጣ ልደብቅ እንዳትል።


ዮኒ_ቨርጂኒያ
ከ2 ሳምንት በኋላ

ጨዋማነቱ 1.026 ገብቷል! ማጣሪያም አገኘሁ፤ 40 ዶላር፣ ካርትሪጁ 35። ሃመሩ ትንሽ አበጥ ብሏል። ትልቋን ዓሣ እቴጌ፣ ትንሹን ባሻ ብያቸዋለሁ። ልጄ አንብባ እንደነገረችኝ ክላውን ፊሽ ሁሉ ሲወለድ ወንድ ነው፤ አለቃው ነው ሴት የሚሆነው። እቴጌ ከሞተች ባሻ እቴጌ ይሆናል ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ታንኩን መውደድ ጀመረች።

ቅዳሜ ወደ ቤት ላዛውረው ነው። ጥቁሩን አሸዋ ምን ላድርገው?


ጋሽ_ሰምፕ
በዚያው ቀን

ይዘኸው እንዳትሄድ፤ እዚያው ክሊኒኩ ይቅር። ጥቁር የሆነው ኦክስጅን ስለማይደርሰው ነው። ስትቆፍረው እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ዓሣ ይገድላል። መጀመሪያ ዓሣና ኮራሉን አውጣ። ከዚያ አሸዋውን ሳታናውጥ ያልደፈረሰውን ውሃ ከላይ ወደ ባልዲዎች ቅዳ። ድንጋዩ በዚያው ውሃ ተዘፍዝፎ ይጓዝ። መጨረሻ ላይ አሸዋውን ጠርገህ ጣል። አዲስ አሸዋ አትግዛ፤ ባዶ መስታወት ይሁን። አያምርም፣ ግን ለመጥረግ ቀላል ነው፤ በነጻም ነው።

የወለሉንም ነገር አስብ። 75 ጋሎን ሞልቶ ከነድንጋዩ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። አፓርታማ ከሆነ በግድግዳው ጥግ፣ ከወለሉ አግዳሚዎች ጋር ተሻግሮ ይቁም።


ዮኒ_ቨርጂኒያ
እሑድ፣ ሌሊት 7፡20

ጥፋት ሠራሁ።

መዛወሩ ደህና ሄዶ ነበር። አራት ሰው ተሸከመው፤ አንደኛው ጓደኛዬ ወገቡን ይዞ እስካሁን ይራገማል። ችግሩ አሮጌውን ውሃ ሁሉ ይዤ አልመጣሁም። ባልዲ አለቀብኝ፣ መሸ፣ ሰለቸኝ። ግማሹን በአዲስ የጨው ውሃ ሞላሁት። ጨዋማነቱ ልክ ነው፣ ሙቀቱም ልክ ነው። ዛሬ ሃመሩ ሥጋው ከአጥንቱ እየተላጠ ነው። ሦስቱም ራስ። ለካ የገዛሁት ጨው አልካሊኒቲው 11 ነው። ታንኩ 5.5 ነበር። በአንድ ሌሊት 8.3 ሆነ።

ጋሼ «አልካሊኒቲውን አትንካ» ብለውኝ ነበር። በጠርሙስ የሚጨመር ነገር ብቻ መሰለኝ እንጂ ጨው ውስጥ አለ ብዬ አላሰብኩም።


ሰናይት_ሜሪላንድ
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

አይዞህ ዮኒ። እኔም የመጀመሪያውን ሃመሬን የገደልኩት እንዲሁ ነው፤ የእኔው ደግሞ 60 ዶላር የተገዛ ነበር። የሞተውን ራስ ዛሬውኑ ቆርጠህ አውጣ፤ ውሃውን ያበላሸዋል። አሞኒያ በየቀኑ ለካ።

እንጉዳዮቹ ይተርፋሉ። እነሱ ይህን ሁሉ ዓመት ያለፉት ዝም ብለው አይደለም።


ጋሽ_ሰምፕ
ሰኞ፣ ማታ 4፡00

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ አፍታትቼ አልነገርኩህም። 8.3 መልካም ቁጥር ነው፤ የገደለው የደረሰበት ፍጥነት ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ታች አትመልሰው፤ እዚያው ጠብቀው። ሲወርድ ውድ ጠርሙስ አትግዛ። ኩሽና ያለው ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል። ለ230 ሊትር 7 ግራም ገደማ አንድ ዲኬኤች ያነሳልሃል። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አሟሟው፣ ውሃው በሚናወጥበት በኩል ጨምረው። በቀን ከአንድ ዲኬኤች አትለፍ።

ናይትሬቱን ደግሞ በሳምንት 20 በመቶ ውሃ በመቀየር አውርደው። ግማሹ ውሃ ስለተቀየረ አሁን 50 አካባቢ ነህ። ከዚያ 40፣ 32፣ 26፣ 20 እያለ ይወርዳል። ዜሮ ላድርገው እንዳትል። ኮራልም ይርበዋል። ለ160 ጋሎን የሚሆን አንድ ባልዲ ጨው 13 ጊዜ ይበቃሃል፤ ሦስት ወር ማለት ነው።


ቆፍጣናው
ሰኞ፣ ማታ 4፡30

ድፋው ብዬ ነበር። 🙂 ለማንኛውም የአልጌውን ነገር እኔ ልንገርህ፤ የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ፓምፖቹን ለአንድ ሰዓት አቼቶ በተቀላቀለበት ውሃ ዘፍዝፍ፤ የሞተ የመሰለው ስኪመርህም ከኖራ ቅርፊቱ ሲላቀቅ ሊነሳ ይችላል። መብራቱን በቀን 6 ሰዓት አድርግ። ጸጉሩን በእጅህ ንጭ፣ የቀረውን ባልዲ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ፋቅ። መሲ እንዳለችው በጓንት። ቀንድ አውጣ ረጅሙን ጸጉር አይበላም፤ የተፋቀውን ነው የሚከረክመው። ስለዚህ መጀመሪያ ፋቅ፣ ከዚያ ቀንድ አውጣ ግዛ። እኔ በተቃራኒው አድርጌ ቀንድ አውጣዎቼ በረሃብ አለቁ።

ድንጋዩ ደግሞ ዓመት ሙሉ ፎስፌት ሲጠጣ ኖሯል። ውሃውን ስታጸዳ እሱ መልሶ ይተፋል። በስድስተኛው ሳምንት «ምንም ለውጥ የለም» ብለህ ተስፋ የምትቆርጠው ለዚህ ነው። እኔ የደፋሁት በዚያው ሰሞን ነበር። አሁን ሳስበው ትንሽ ብታገሥ ኖሮ…


ዮኒ_ቨርጂኒያ
ከ4 ወር በኋላ

ዝም ስላልኩ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ፎቶ አያይዣለሁ።

ስኪመሩ በአቼቶ ተነሳ! ቆፍጣናው፣ የ100 ዶላር ዕዳ አለብኝ። ስኪመሩ ከክፍሉ አየር እየሳበ ስለሆነ የባለቤቴን ረከቦትና ማጨሻ ወደ ሌላኛው ጥግ አዛውረናል። ቡናው በተፈላ ቁጥር ታንኩን በእጣን ማጠን ትክክል አልመሰለኝም። እሷ ግን «ለጥምቀት ብቻ አይደለም፣ ዓሣውም ይባረክ» ትላለች።

በሰባተኛው ሳምንት ቆፍጣናው ያለው ነገር ደረሰ። አልጌው ሁለት እጥፍ ሆኖ ተነሳ። ባልዲውን አንስቼ ልደፋ ነበር። ይህን ክር ከላይ ጀምሬ አነበብኩና ጥርስ ብሩሽ ይዤ ተመለስኩ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት የድንጋዩን ቀለም አየሁ። ሐምራዊ ነው ለካ! ኮራላይን አልጌ (ድንጋይን የሚለብስ ሐምራዊ አልጌ) ከሥሩ ተኝቶ ኖሯል።

ናይትሬት 15፣ አልካሊኒቲ 8.2፣ ጨዋማነት 1.026። አይፕቴዥያ ሦስት ቀርተዋል፤ ከድንጋዩ ጀርባ ስለሆኑ ሲሪንጁ አይደርስም። ሽሪምፑ እያያቸው ያልፋል፤ የዓሣ ምግብ ለምዶ ሰንፏል። ወጪው 312 ዶላር። መለኪያውና ፈሳሹ 32፣ ማሞቂያዎቹ 52፣ ጨው 78፣ ማጣሪያው ከነካርትሪጁ 75፣ አንድ የሞገድ ፓምፕ 45፣ መፈተሻ ኪት 30። ኖራው፣ ቀንድ አውጣዎቹና ሽሪምፑ ከምሳ ገንዘቤ ስለሆነ አልቆጠርኩትም። ባለቤቴ ግን ቆጥራዋለች።


ሰናይት_ሜሪላንድ
በዚያው ቀን

እልልል! ሐምራዊውን አየሁት። እኔ ሁለት አሮጌ ኤልኢዲ መብራት ምድር ቤት ተቀምጦልኛል። ለእንጉዳይና ለሃመር ይበቃል። መጥተህ ውሰደው። ከሃመሬም አንድ ራስ እቆርጥልሃለሁ። እዚህ አካባቢ አምስት ሰዎች የኮራል እቁብ ጀምረናል። በየወሩ አንድ ሰው ከታንኩ ቆርጦ ያመጣል፣ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። ገንዘብ የለም። ከአንተ የምንፈልገው ያንን እንጉዳይ ነው።


ዮኒ_ቨርጂኒያ
በዚያው ቀን

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። ለሃመሩ ስንት ሊትር ባልዲ ይዤ ልምጣ? እና… የአንቺ ውሃ አልካሊኒቲ ስንት ነው?


ጋሽ_ሰምፕ
በዚያው ቀን

😂 አሁን ሪፈር (ሪፍ አርቢ) ሆነሃል።